የድባቴ ክኒን እየዋጥሁ ጠበል ብጠመቅ እምነት ማጣት ይሆንብኛል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ከረሙ? ዕድሜዬ 32 ነው፤ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ካለፈው ክረምት ጀምሮ እንቅልፍ አጣሁ፣ ምግብ አስጠላኝ፣ ከሰው ሸሸሁ፣ ማኅበሬንም ተውሁ። ሆስፒታል ሄጄ «ድባቴ ነው» ተባልሁና በየቀኑ የሚዋጥ ክኒን ታዘዘልኝ። ትንሽ ሻል ሲለኝ አክስቴ «ይህ ዓይነ ጥላ እንጂ የሐኪም በሽታ አይደለም» ብለው ጠበል ወሰዱኝ። እዚያ የሚያጠምቁት ሰው «ክኒን እየዋጥሽ ጠበሉ አይሠራልሽም፤ አንዱን ምረጪ» አሉኝ። ክኒኑን ከተውሁ 3 ሳምንት ሆነኝ፤ ወደ ነበርሁበት እየተመለስሁ ነው። ዳዊት ስከፍት ፊደሉ ይደባለቅብኛል፤ መጸለይ አቃተኝ። አንዳንድ ሌሊት ባይነጋ እላለሁ። ይህ የኃጢአቴ ቅጣት ነው? ወይስ እምነቴ ስለ ጎደለ ነው? ጾሙንና ቁርባኑንስ እንዴት ላድርግ?

መልስ፦ እኅቴ፣ እግዚአብሔር ይፈውስሽ። በመካከል ጣል አድርገሽ ካለፍሻት ቃል ልጀምር። «ባይነጋ እላለሁ» ያልሽው ራስን ወደ ማጥፋት የሚያዘነብል ሐሳብ ከሆነ፣ ይህን መልስ አንብበሽ እስክትጨርሺ እንኳ አትቆዪ። ለአክስትሽ ወይም ለምታምኚው ሰው ዛሬውኑ በግልጽ ንገሪ፤ ብቻሽን አትደሪ፤ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይዘውሽ ይሂዱ። እንዲህ ያለ ሐሳብ መጣብኝ ብሎ መናገር አያሳፍርም። ሰማይን የለጎመው ኤልያስ በክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ «ይበቃኛል፤ ነፍሴን ውሰድ» ብሏል (1ኛ ነገሥት 19)። እግዚአብሔርም አልተቆጣውም። መልአኩ ቀሰቀሰው፣ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፤ በልቶ እንደ ገና ሲተኛ ዝም አለው፤ ሁለተኛም ቀስቅሶ «መንገዱ ሩቅ ነውና ብላ» አለው። ነቢዩ በኮሬብ ለስላሳውን ድምፅ የሰማው ከዚህ በኋላ ነው። አስቀድሞ የተሰጠው እንቅልፍና ምግብ ነበር።

ስለ ክኒኑ የምለው አጭር ነው፦ በዚህ ሳምንት ሐኪምሽን አግኝተሽ ማቆምሽን ንገሪያቸው። እንዴት እንደሚቀጥል እርሳቸው ይወስኑ እንጂ በራስሽ ግምት አትጀምሪ፣ በራስሽም አታቁሚ። የድባቴ መድኃኒት ሥራውን ለማሳየት ሳምንታት ይፈጅበታል፤ ሻል ሲል የተቋረጠ እንደሆነ ደግሞ ሕመሙ ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይመጣል። ሐኪሞች ሰው ከዳነ በኋላ እንኳ ለወራት እንዲቀጥል የሚያዙት ለዚህ ነው። አንቺ የደረሰብሽም ይኸው ነው፤ ጠበሉ አልጣለሽም።

«ምረጪ» ያሉሽን ሰው በተመለከተ ግን ዝም ማለት አልችልም። ይህን ምርጫ ከየት አመጡት? ቤተ ክርስቲያናችን ከምትቀበላቸው 81 መጻሕፍት አንዱ የሆነው ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ፣ ባለ መድኃኒትን የፈጠረው እግዚአብሔር ስለ ሆነ አክብረው ይላል። የታመመው ሰው እንዲጸልይና ከኃጢአት እንዲርቅ ከመከረ በኋላም ለሐኪሙ ስፍራ እንዲሰጠው ያዝዛል። ንጉሡ ሕዝቅያስን አስቢ። 15 ዓመት በዕድሜው እንደ ተጨመረለት ከእግዚአብሔር ዘንድ ተነግሮታል፤ ቃሉን ያመጣው ኢሳይያስ ራሱ ግን የበለስ ጥፍጥፍ በእባጩ ላይ እንዲደረግለት አዘዘ (ኢሳይያስ 38)። ነቢዩ የአምላኩን ተስፋ ተጠራጥሮ ነው? ወንጌላዊው ሉቃስም ባለ መድኃኒት ነበር፤ ቅዱስ ጳውሎስ በዚሁ ሙያው «የተወደደው» እያለ ይጠራዋል። በእኛም ዘመን በኤችአይቪ ምክንያት ይኸው ክርክር ተነሥቶ ነበር። ጠበል የገቡ ሰዎች መድኃኒታቸውን ሲጥሉ፣ ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ ጠበሉንም መድኃኒቱንም አንድ ላይ መውሰድ እንደሚገባ፣ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ መሆናቸውን በይፋ አስተምረዋል። ለድባቴ ሲሆን ትምህርቱ የሚለወጥበት ምክንያት አይታየኝም። እንግዲህ ጠበልሽን ተጠመቂ፤ ክኒንሽንም ዋጪ።

አክስትሽ ዓይነ ጥላ ነው ያሉት ስለሚወዱሽ ነው፤ አትቀየሚያቸው። ቤተ ክርስቲያን ርኩሳን መናፍስት መኖራቸውን አትክድም፤ ታስወጣለች፣ ታጠምቃለች። ነገር ግን ማቴዎስ ወደ ጌታ የመጡትን ሕሙማን ሲቆጥር (4፥24) በልዩ ልዩ ደዌ የተያዙትን፣ አጋንንት ያደሩባቸውንና ሽባዎችን ለየብቻ ጠቅሷቸዋል። ሁሉንም አንድ ስም አልሰጣቸውም፤ ሁሉንም ግን ፈወሳቸው። እያንዳንዱን ሐዘንና እንቅልፍ ማጣት በመንፈስ ስም መጥራት የወንጌሉ ልማድ አይደለም፤ የቅርብ ጊዜ ስብከታችን ያመጣብን ነው ብል አላጋነንሁም።

የኃጢአትሽ ቅጣት ስለ መሆኑ፦ ደቀ መዛሙርቱም ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ይህንኑ ጠይቀው፣ ጌታ «እርሱ ወይም ወላጆቹ ኃጢአት አልሠሩም» ብሎ መልሶላቸዋል። ንስሐ የምትገቢበት ነገር ካለሽ ለንስሐ አባትሽ ተናገሪ፤ ሕመም ግን ንስሐ አይገባበትም። ወደ ንስሐ አባት መሄድና ወደ ምክር ባለሙያ መሄድም ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንዱ ኃጢአትን ይፈታል። ሌላው ቀን ከሌት የሚያናውዝሽን ሐሳብ አብሮሽ ቁጭ ብሎ ይመረምራል፤ ለድባቴ ይህ ዓይነቱ ምክር ራሱ ሕክምና ነው፣ አንዳንዱ ሰው ያለ ክኒን የሚድንበትም አለ። ሆስፒታልሽ ይህ አገልግሎት ካለው ጠይቂ።

እምነቴ ጎድሎ ነው ወይ ላልሽው ዮሐንስ አፈወርቅ ይመልስልሽ። ከቁስጥንጥንያ መንበሩ ተሰድዶ በአርመን ምድር ሳለ፣ በሐዘን ለወደቀችው የዚያው ከተማ ዲያቆናዊት ለኦሎምፒያስ ደብዳቤ ይጽፍላት ነበር፤ 17ቱ እስከ ዛሬ ይነበባሉ። ኦሎምፒያስ ሀብቷን ለድሆች የሰጠች፣ ቤተ ክርስቲያን ቅድስት ብላ የምታከብራት ሴት ናት። አፈወርቅ የነፍስ ሐዘን ከሥቃይ ሁሉ የከፋ መሆኑን ይነግራታል፤ ከዚያ እንድትወጣም በብርቱ ይገፋፋታል፤ እምነት የላትም አላላትም። ስትታመምም በሐኪሞችና በመድኃኒት እንድትጠቀም ይለምናታል። እርሱ ራሱ ለሆዱ ሕመም የተላከለት መድኃኒት እንዴት ቶሎ እንደ ረዳው እየነገረ! እንዲህ ዓይነቱን አባት ዛሬ በስንት ዐውደ ምሕረት እናገኘው ይሆን?

ጸሎቱን እንመልከት። ለመነኮሳት የጻፈው ሶርያዊው አባት ማር ይስሐቅ ነፍስ በጨለማ የምትዋጥበት ጊዜ እንዳለ ያውቃል። ለመነኩሴው የሰጠው ምክር ብዙ ሰው ያስገርማል፦ ለመጸለይና ለመስገድ ኃይል ካጣህ ልብስህን ተከናንበህ ጨለማው እስኪያልፍ ተኛ፣ ከበዓትህ (ከመኖሪያ ክፍልህ) ብቻ አትውጣ። ይህ ለመነኮሳት የተነገረ ነው፤ አንቺ በዓት የለሽም፣ ቀኑን ሙሉ መተኛትም ድባቴን ያብሳል። ያም ሆኖ ከምክሩ የምትወስጂው አለ፤ ያልቻልሽውን ጸሎት እንደ ዕዳ አትቁጠሪው። ሙሉው የዕለቱ ዳዊት ቢቀር «ነፍሴ ሆይ፥ ለምን ታዝኛለሽ? ለምንስ ታውኪኛለሽ?» የሚለውን አንድ መዝሙር በይ። እርሱም ከከበደ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ይበቃል። ፊደሉ ከተደባለቀብሽ አክስትሽ ያንብቡልሽ፤ አንቺ ስሚ። ቅዳሴ ቆመሽ ማስቀደስ ካቃተሽ ተቀመጪ።

አባ እንጦንስ በበረሃ ሳለ መንፈሱ በታከተችበት ጊዜ «አቤቱ እድን ዘንድ ምን ላድርግ?» ብሎ ነበር። እርሱን የሚመስል መልአክ ተቀምጦ ገመድ ሲታታ፣ ተነሥቶ ሲጸልይ፣ መልሶ ተቀምጦ ሲታታ አየ፤ «እንዲህ አድርግ፣ ትድናለህ» ተባለ። የዛሬ ሐኪሞችም ለድባቴ ሕሙማን ደስ ባይላችሁም በየቀኑ በሰዓቱ አንድ ነገር ሥሩ ይላሉ። አንቺም ጠዋት ተነሥተሽ ፊትሽን ታጠቢ፣ ፀሐይ ላይ ውጪ፣ ደጀ ሰላም ድረስ በእግርሽ ሂጂ፣ ቡና አፍዪ። ማኅበርሽ ላይ ጠበል ጸዲቁን ቀምሰሽ ለመመለስ ብቻ እንኳ ብቅ በይ። በመጠጥና በጫት ሐዘንን ማስታገስ የሚሞክሩ ብዙ ናቸው፤ ማግሥቱ የባሰ መሆኑን ራሳቸውም ያውቁታል።

አክስትሽም የኢዮብን ወዳጆች ያስቡልኝ። ሰባት ቀን ሰባት ሌሊት ምንም ሳይናገሩ አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ፤ ይህ መልካም ነበር። የበደሉት ምክንያቱን ሊያስረዱት አፋቸውን የከፈቱ ጊዜ ነው።

ጾሙን በተመለከተ ፍትሐ ነገሥታችን ለታመመ ሰው ይራራል። ምግብ አስጠልቶሽ ክብደትሽ እየቀነሰ እስከ 9 ሰዓት መቆየት አይጠበቅብሽም፤ ለንስሐ አባትሽ ሕመምሽን ነግረሽ የሚወስኑልሽን ፈጽሚ። ለቁርባን 18 ሰዓት የሚጾመው ከክኒኑ ሰዓት ጋር ከተጋጨብሽ ሐኪምሽን ጠይቂ፤ በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰደውን ብዙ ጊዜ ወደሚመች ሰዓት ማዛወር ይቻላል። አይሆንም ካሉ ጉዳዩን ለንስሐ አባትሽ አቅርቢ፤ ለመቁረብ ስትዪ ግን መድኃኒቱን በራስሽ አትዝለዪ። አክስትሽም ከፈቀዱ አብረውሽ ይምጡና እንነጋገር፤ ከእሑድ ቅዳሴ በኋላ ሁልጊዜ ደጀ ሰላሙ አጠገብ አለሁ።