ሰሌዳውን ማን ያጥፋ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ፒያሳ አካባቢ ባለ አንድ የግል ትምህርት ቤት የ11ኛ ክፍል አስተማሪ ነኝ። ዘንድሮ የአሜሪካን የመንግሥት አወቃቀርና ዜግነት እንዳስተምር ተመደብኩ። ልጆቹ ከዋይት ሐውስና ከዲቪ ሌላ የሚያውቁት የለም። ሦስቱን የመንግሥት አካላት ሰሌዳ ላይ ሥዬ አስረዳሁ። ፈተና ላይ ሁሉም ደፈኑ። በሳምንቱ «ፕሬዚዳንቱ ብቻውን ሕግ ማውጣት ይችላል?» ብዬ ብጠይቅ ግማሹ ክፍል «አዎ!» አለኝ። አንድ ወላጅ ደግሞ «ልጄን አሜሪካዊ ልታደርጊው ነው?» ብለው ቢሮ ድረስ መጡ። ምን ባደርግ ይሻላል?

መልስ፦ ልጄ፣ አይዞሽ። እነዚያን ሦስት ክቦች እኔም ለዓመታት ስስላቸው ኖሬአለሁ። «ሕግ አውጪ»፣ «ሕግ አስፈጻሚ»፣ «ሕግ ተርጓሚ»። ልጆቹ በባለ ቀለም እስክሪብቶ አሳምረው ይገለብጧቸዋል። አራት ኪሎ ሳስተምር አንድ ቀን ከኋላ ወንበር አንዱ ረባሽ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ ፕሬዚዳንቱ እምቢ ቢልስ?» አለኝ። ክቦቹ ለዚህ መልስ አልነበራቸውም። እኔም አልነበረኝም። ደወሉ አተረፈኝ።

ከዚያ በኋላ ክብ መሳል ተውኩ። ያደረግኩትን ልንገርሽ።

ክፍሉን አምስት «ግዛት» አድርገሽ ክፈይው። እኩል እንዳታደርጊው። የእኔ ክፍል 48 ልጅ ነበረው፤ 20፣ 14፣ 8፣ 4 እና 2 አድርጌ ከፈልኩት። ሁለቱ በር አጠገብ የሚቀመጡ አርፋጆች ነበሩ። ከዚያ አንድ ረቂቅ ሕግ አቀረብኩ፦ «ከዛሬ ጀምሮ ሰሌዳ የሚያጠፉትና ክፍል የሚጠርጉት ሦስቱ ትንንሽ ቡድኖች ብቻ ይሁኑ።» በጭንቅላት ስንቆጥር 34 ለ14 አለፈ። ጭብጨባ ሆነ። «ቆይ፣ አልጨረስንም» አልኩ። ከየቡድኑ ሁለት ሁለት ልጅ ወደ ፊት ጠራሁ። አሥር ሆኑ። 4 ደገፉ፣ 6 ተቃወሙ። ሕጉ ወደቀ።

ክፍሉ ተደበላለቀ። ከትልቁ ቡድን አንዷ ተነስታ «እኛ 20 ነን፣ እነሱ 2! እንዴት እኩል እንሆናለን?» ብላ ጮኸች። ከበሩ አጠገብ «እኛስ ዓመቱን ሙሉ ስንጠርግ ልንኖር ነው?» የሚል መልስ መጣ። አሥር ደቂቃ ተያቸው፤ ይጨቃጨቁ። ምክትል ርዕሰ መምህሩ በመስኮት ብቅ ካሉም ፈገግ በይላቸው።

ሲደክማቸው ብቻ፣ ይህ ጭቅጭቅ እ.ኤ.አ. በ1787 በጋ ፊላደልፊያ ውስጥ፣ የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ሲረቀቅ፣ የተደረገ መሆኑን ንገሪያቸው። የታረቁት ሁለቱንም በመያዝ ነው። በአንደኛው፣ በተወካዮች ምክር ቤት፣ ውክልናው እንደ ሕዝቡ ብዛት ነው፤ ዛሬ 435 መቀመጫ አለው። በሁለተኛው፣ በሴኔቱ፣ እያንዳንዱ ግዛት ሁለት ሰው አለው፤ 100 ይሆናሉ። ካሊፎርኒያ ወደ 39 ሚሊዮን ሕዝብ ይዛ ሁለት፣ ዋዮሚንግ 600 ሺህ እንኳ ሳትሞላ ሁለት። አሁን ቁጥሩን ማንም አይረሳውም፤ ተጣልቶበታላ።

በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ፕሬዚዳንት አስመርጪ። እያንዳንዱ ቡድን በልጆቹ ቁጥር ላይ ሁለት (የሴናተሮቹን) ጨምሮ «መራጭ» ይኖረዋል፤ ፕሬዚዳንቱን በመጨረሻ የሚመርጡት እነዚህ ናቸው። 22፣ 16፣ 10፣ 6፣ 4፤ ድምሩ 58። በቡድኑ ያሸነፈ ሁሉንም ጠቅልሎ ይወስዳል። እኔ ክፍል አንዱ ተወዳዳሪ ትልቁን ቡድን 11 ለ9፣ ሁለተኛውን 8 ለ6 አሸነፈ። ከሦስቱ ትንንሾች አንድም ድምፅ አላገኘ። ሲቆጠር 19 ልጅ መረጠው፣ 29 ተቃወመው፣ እሱ ግን በ38 መራጭ ፕሬዚዳንት ሆነ! አሜሪካም በጠቅላላ ድምፅ ያነሰ ሰው እ.ኤ.አ. በ2000 እና በ2016 አሸንፏል። መራጮቹ 538 ናቸው፤ 270 ያገኘ ይገባል። ሜይንና ነብራስካ የተባሉት ግዛቶች ብቻ ጠቅልለው አይሰጡም።

ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። ግማሹ ክፍል «አዎ» ያለው ሰነፍ ሆኖ አይደለም። ስልኩ ላይ የሚያየው ፕሬዚዳንቱ በትልቅ እስክሪብቶ ሲፈርም ነው። ትእዛዝና ሕግ የተለያዩ መሆናቸውን ማን ነገረው? ሕግ ሁለቱን ምክር ቤቶች አልፎ ይመጣል። ፕሬዚዳንቱ ካልፈለገው ይመልሰዋል። በሁለቱም ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ካገኘ ግን ያለ እሱ ፊርማ ሕግ ይሆናል። ትእዛዙን ደግሞ ዳኛ ሊያግደው ይችላል። እ.ኤ.አ. ጥር 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ በአሜሪካ ምድር በመወለድ የሚገኝ ዜግነትን የሚገድብ ትእዛዝ ፈረመ። ዳኞች በቀናት ውስጥ አገዱት። የጠቀሱት «እዚህ የተወለደ ዜጋ ነው» የሚለውን፣ እ.ኤ.አ. ከ1868 ጀምሮ ያለውን 14ኛውን የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ነው። የኋላ ወንበሩ ረባሽ ይህን ቢሰማ ደስ ባለው።

ይህ ማሻሻያ ከየት እንደመጣ ሳትነግሪያቸው አትለፊ። ፊላደልፊያ የተጻፈው ሰነድ ውክልና ሲያሰላ ባሪያ የሆነውን ሰው ሦስት አምስተኛ አድርጎ ቆጥሮታል፤ ያንን የሻረው ይህ ማሻሻያ ነው። እኔ ሰሌዳው ላይ 3/5 ብዬ ጻፍኩና ዝም አልኩ። ያ ሁሉ ጩኸታም ክፍል ጸጥ አለ። የአሜሪካን ትምህርት ቱሪስት መሳቢያ አታድርጊው።

ቃላቱም ጉድ አላቸው። አንዱ ተማሪዬ «ሴክሬታሪ ኦፍ ስቴት»ን «የክልል ጸሐፊ» ብሎ ተርጉሞልኛል! የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር መሆኑን ስነግረው አላመነኝም። የእነሱ «የተወካዮች ምክር ቤት» ከእኛው «የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት» ጋር ይምታታባቸዋል። ስለዚህ ሁሌ «የአሜሪካው» እያልሽ አስቀድሚ።

እኚያን ወላጅ ደግሞ አትቆጫቸው፤ ክፍል ይግቡና ይዩ። በዚያ ቀን ሁለቱንም ሕገ መንግሥት ዴስክ ላይ አስቀምጪ። «ሕገ መንግሥቱን የሚተረጉመው ማነው?» ብለሽ ጠይቂ። ሁሉም «ፍርድ ቤት» ይላል። ለአሜሪካ ልክ ነው፤ ያውም ፍርድ ቤቱ ሥልጣኑን ያጸናው እ.ኤ.አ. በ1803 በራሱ ውሳኔ ነው። የእኛን ሲገልጡ ግን የፌዴሬሽን ምክር ቤትን ያገኛሉ። በታክሲ አራት ኪሎን ሲያልፉ የፓርላማውን ሰዓት በየቀኑ ያያሉ፤ ሁለት ምክር ቤት እንዳለን የማያውቁ ግን ብዙ ናቸው። ልጃቸው የኢትዮጵያን ሕገ መንግሥት ሲያገላብጥ ካዩ ወላጁ የሚሉት አይኖራቸውም።

አንድ ወጥመድ ልጨምርልሽ። የእነሱ በ1787 ተረቀቀ፣ የእኛ ኅዳር 29 ቀን 1987 ጸደቀ። ልጆቹ «ልክ 200 ዓመት!» ይላሉ። አንደኛው በፈረንጅ፣ ሌላው በእኛ አቆጣጠር መሆኑን አስታውሰው 207 ለሚሉ አንድ ነጥብ ጨምሪላቸው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ አሜሪካ ግሪን ካርድ ካገኘ ሦስት ዓመቱ ነው። «በሚቀጥለው ምርጫ ለፕሬዚዳንት እመርጣለሁ» ይላል። ይችላል? — ከካዛንቺስ

መልስ፦ አይችልም፤ እንዳይሞክረውም ንገሪው። ግሪን ካርድ መኖሪያ ፈቃድ እንጂ ዜግነት አይደለም። ዜጋ ሳይሆኑ ለፕሬዚዳንት መምረጥ ወንጀል ነው፤ ከአገር ሊያስባርረውም ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ አምስት ዓመት ሲሞላው ለዜግነት ያመለክታል፣ በታሪክና በመንግሥት አሠራር ይፈተናል፣ ከዚያ ይምላል። ሲምል ደግሞ በእኛ ሕግ ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን ያጣል፤ ጥምር ዜግነት የለንም። ሲመጣ ለትውልደ ኢትዮጵያውያን በሚሰጠው ቢጫ ካርድ ነው የሚስተናገደው። ይህንን እናታችሁ ከሌላ ሰው ከምትሰማ እሱ ራሱ ቢነግራት ይሻላል።