ከመፈረማችሁ በፊት

ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ ልጅ የቅጥር ደብዳቤ ይዛ ቤቴ መጣች። ከጅማ ዩኒቨርሲቲ በአካውንቲንግ የተመረቀች ናት። በምርጫና በዜጎች ተሳትፎ ላይ የሚሠራ አንድ ማኅበር የፋይናንስ ባለሙያ አድርጎ ሊቀጥራት ነው። «ጋሼ፣ ደሞዙ ጥሩ ነው?» አለችኝ። ጥሩ ነበር። «ብሩ ከማን ነው የሚመጣው?» ብዬ ጠየቅኳት። «ከለጋሽ» አለች። የትኛው ለጋሽ እንደሆነ ግን አላወቀችም። ያን ዕለት ማታ ይህን ደብዳቤ መጻፍ ጀመርኩ።

ሃያ ስድስት ዓመት የእንዲህ ያሉ ድርጅቶችን ሂሳብ ይዣለሁ። ብር ከለጋሽ ኪስ ወጥቶ በቀጥታ ጅማ አይደርስም። አሜሪካንን ብንወስድ፣ ለዴሞክራሲ ሥራ ገንዘብ የሚሰጠው፣ በ1983 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ናሽናል ኢንዶውመንት ፎር ዴሞክራሲ በሕግ የግል ድርጅት ነው፤ በጀቱን ግን በዋናነት የሚመድብለት ኮንግረስ ነው። ከዚያ ገንዘቡ ከሁለቱ ትልልቅ ፓርቲዎች፣ ከንግድ ምክር ቤቱና ከሠራተኛ ማኅበራቱ ጋር ለተሳሰሩ አራት ተቋማት ይከፋፈላል፤ ለየአገሩ ማኅበራትም ይሰጣል። የጀርመን ፓርቲዎችም ከፌዴራሉ በጀት የሚደጎሙ ፋውንዴሽኖች አሏቸው። እንዲህ የወጣ ገንዘብ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ አዲስ አበባ ያለ ትልቅ ድርጅት ዘንድ ያርፋል፤ ከዚያ ወደ ኮንሶርቲየም፣ ማለትም ወደ ማኅበራት ጥምረት፣ ከኮንሶርቲየሙ ወደ ጅማው ማኅበር ይወርዳል። በየደረጃው ኦቨርሄድ የሚሉት የአስተዳደር ወጪ ይቀነሳል። በመንገዱ ያሉ ሦስት ድርጅቶች እያንዳንዳቸው 15 ከመቶ ቢያስቀሩ ከ100 ብር የሚደርሰው 61 ገደማ ነው። ይህ ሌብነት አይደለም፤ ቢሮ ይከራያል፣ ኦዲተር ይከፈላል። ልብ በሉልኝ የምለው ሌላውን ነው። ብሩ ሲወርድ እየሳሳ ይመጣል፣ ግዴታው ግን እየከበደ ይወርዳል፤ ሁሉም የራሱን ቅጽ፣ የራሱን የጊዜ ገደብ ይጨምርበታል። መጨረሻ ላይ ያ ሁሉ የሚያርፈው ወረዳ ወርዶ ፊርማ በሚሰበስበው ልጅ ላይ ነው።

በ1997 ምርጫ ዋዜማ እሠራበት የነበረ ድርጅት በአንድ ወረዳ የመራጮች ትምህርት ሰጠ። የአበል መክፈያው ላይ 80 ሰው ፈርሟል። ወረቀቱን መስኮት አጠገብ ወስጄ ሳየው ከ50ኛው በኋላ ያሉት ፊርማዎች ሁሉ ጅራታቸው አንድ ነው። እስክሪብቶው እያለቀ ነበርና ቀለሙ ከመስመር ወደ መስመር እየደበዘዘ ይሄዳል፤ ሠላሳውንም ያለ ዕረፍት የፈረመው አንድ እጅ ነው። ኃላፊዬ «የሩብ ዓመቱ ሂሳብ ካልተወራረደ ቀጣዩ ብር አይለቀቅም፤ ፈርም» አለኝ። የቤት ኪራይ ነበረብኝ፣ ሁለት ልጆች ነበሩኝ። ፈረምኩ። በዓመቱ ኦዲተር መጥቶ ያንኑ ወረቀት ሲያነሣ ኃላፊው ሥራ ለቆ ሄዷል፤ «ያረጋገጠው» ከሚለው ፊት ለፊት ያለው ስም የእኔ ነው። ቅጣቱን ቻልኩት። እስከ ዛሬ የሚቆረቁረኝ ድምፅ አሰጣጥ ሳይማሩ ተማሩ የተባሉት ሠላሳ ሰዎች ናቸው።

ሕጉንም እወቁት። አዋጅ 621/2001 በመብትና በዴሞክራሲ ላይ የሚሠሩ የኢትዮጵያ ድርጅቶች ከውጭ የሚያገኙት ከገቢያቸው 10 ከመቶ እንዳይበልጥ ገድቦ ነበር። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ጉባኤ የባንክ ሂሳቡ ታገደበት፤ ሌሎች ብዙዎች «መብት» የሚለውን ቃል ከዓላማቸው ፍቀው ወደ ልማት ዞሩ። አዋጅ 1113/2011 ያንን ገደብ አንሥቶ የአስተዳደር ወጪን በ20 ከመቶ ወሰነ። የፖለቲካ ፓርቲ ግን ሌላ ነው፤ አዋጅ 1162/2011 ከውጭ ገንዘብ እንዳይቀበል ይከለክለዋል። ስለዚህ በውጭ ገንዘብ ለመራጮች ትምህርት የተከራያችሁት መኪና የአንድን ዕጩ ፖስተር ጭኖ ከተገኘ ጉዳዩ የነዳጅ ሂሳብ ብቻ አይሆንም።

የመንግሥት ገንዘብስ? እሱን ብዙ ጊዜ በደረሰኝ አታገኙትም። ለፓርቲዎች የሚሰጠው ድጋፍ በምርጫ ቦርድ በኩል በግልጽ ያልፋል። ለማኅበራት የሚሰጠው ግን ብዙ ጊዜ በዓይነት ነው፤ ያለ ኪራይ የተሰጠ ቢሮ፣ የወረዳ መኪና፣ ደሞዙ ከመንግሥት የሚከፈል ጸሐፊ። በሂሳብ መዝገብ አንድ መስመር የለውም፣ ውለታው ግን አለ። ቢሮ የሰጠ ሰው ስብሰባው ላይ ማን እንዲናገር እንደሚፈልግ ሲጠቁም እምቢ ማለት ይከብዳል። እንዲህ ያለውን ስጦታ ገምታችሁ መዝግቡት። መዝገብ ላይ ከሰፈረ በኋላ ቢያንስ ቦርዱ ያየዋል፣ ይነጋገርበታል።

የለጋሹን ስም ማወቅ ለእንጀራችሁም ነው። በ2017 የቃና ዘገሊላ ዕለት የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የውጭ ዕርዳታ ለ90 ቀን እንዲቆም ፈረሙ። በማግስቱ ስልኬ ሲጠራ ዋለ። ደሞዛቸው ከየት እንደሚመጣ የሚያውቁት ቢያንስ ምን እንደደረሰባቸው ገባቸው። የማያውቁት ግን ቅዳሜ ድረስ «ኔትወርክ ነው፣ ባንክ ነው» ሲሉ ቆዩ።

ለጎረቤቴ ልጅ «ፈርሚ» ወይም «ተዪው» አላልኳትም። ማኅበሩ ከሰጪው ጋር የተፈራረመውን ስምምነት አሳዩኝ ብላ እንድትጠይቅ ነው የነገርኳት። ፈራች፤ «ገና ሳልቀጠር ጠያቂ ይሉኛል» አለች። ትናንት ማታ ግን ቅጂውን በፌስታል ይዛ መጣች፣ 34 ገጽ ነው። መነጽሬን አውጥቼ ከእሷ ጋር በረንዳ ላይ ተቀመጥን። መብራት ሲጠፋ 11ኛው ገጽ ላይ ነበርን፤ ዛሬ ከዚያው እንቀጥላለን።