ለአባትሽ ቡችላ አትግዢ፣ ያደገ ውሻ ፈልጊላቸው

እህቴ፣ አባትሽ 74 ዓመታቸው ነው፣ እናትሽ ካረፉ ወዲህ ባሕር ዳር ሽምብጥ ሰፈር ብቻቸውን ሆነው ከቴሌቪዥን ፊት አይነሱም፣ ቡችላ ይጠቅማቸው ይሆን ብለሻል። እንስሳ በጣም ይጠቅማቸዋል። ልጆች ስልክ ይደውላሉ፣ ጎረቤት እንዴት አደሩ ብሎ ያልፋል፤ ውሻ ግን ቁርሱን ካልበላ አያስቀምጣቸውም። ብቻውን የቀረ ሽማግሌ የሚያጣው እንዲህ ያለውን፣ እሱ ካልሠራው የማይሠራ ሥራ ነው። ቡችላው ላይ ግን አልስማማም።

1ኛ፦ ቡችላ በቀን 3 እና 4 ጊዜ ይበላል፣ ምንጣፍ ላይ ይሸናል፣ ከሁሉ የከፋው ደግሞ እግር መሃል ይገባል። በሳቸው ዕድሜ አንድ መውደቅ የዳሌ አጥንት ሊሰብር ይችላል። 2 ዓመት ያለፈው፣ ጠባዩ የታወቀ፣ ከምታውቁት ቤት የሚመጣ ውሻ ይሁን። አንገቱ ላይ ትንሽ ቃጭል እሰሩለት፣ ሲጠጋቸው ይሰማሉ። መኝታውና ሳህኑ ከአልጋ ወደ ሽንት ቤት ከሚወስደው መንገድ ላይ አይሁን።

2ኛ፦ ከዘራ የሚይዙ ከሆነ ገመዱ በሌላው እጅ ይሁን፤ እጃቸው ላይ ፈጽሞ አይጠምጥሙት፣ ውሻው ድንገት ሲስብ አብረው ይወድቃሉ። ከጠዋቱ 12 እስከ 2 ሰዓት፣ ፀሐይዋ ሳትበረታ ይውጡ። ሲመሽ በጣናና በዓባይ ዳር አይሂዱ፣ ጉማሬ ለግጦሽ የሚወጣው ያኔ ነው።

3ኛ፦ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት። ቡችላ 3 ወር ሲሞላው ይጀምራል፣ ከዚያ በየዓመቱ ይደገማል። አድጎ የመጣ ውሻ ካርድ ከሌለው እንዳልተከተበ ቁጠሩት። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ካልተቀመጠ ይበላሻል፤ መብራት በሚጠፋበት ከተማ የእንስሳት ክሊኒኩን ፍሪጅና በብልቃጡ ላይ ያለውን ቀን ማየት መብትሽ ነው። አሳየኝ ስትይው የሚቆጣ ባለሙያ ካለ ሌላ ጋ ሂጂ። ውሻ ይዘው የመጡ ሽማግሌ ላይ የሚስቁም አሉ፤ ያሳዝነኛል፣ እኚህ ሰው ያመጡት የቤታቸውን ብቸኛ ጓደኛ ነው። ውሻ ቢነክሳቸው ቁስሉን ወዲያው በሚፈስ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ይጠቡ፣ ያኑ ቀን ጤና ተቋም ይሂዱ። ጠበሉም ጸሎቱም ይሁን፣ የሰው ክትባቱ ግን ይቅደም፤ በሽታው ምልክት ካሳየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም።

4ኛ፦ ምግብ። ብዙ ቤት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የተረፈ ወጥ አይሰጥም። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻንም የድመትንም ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል፣ የእኛ ወጥ ደግሞ ያለሽንኩርት አይሠራም። ለውሻው ሩዝ ወይም እንጀራ ከተቀቀለ ሥጋ ጋር፣ ያለጨውና ያለበርበሬ ለብቻ ይዘጋጅ። ለፋሲካ በግ ሲታረድ ውሃ የቋጠረ ሳንባና ጉበት ለውሻ መወርወር ልማድ ነው። ከዚያ ቋጠሮ ውሻው ሆድ ውስጥ ትል ያድጋል፣ እንቁላሉ በጠጉሩና በአይነ ምድሩ ወደ አባትሽ እጅ ይመጣል፣ በሰው ጉበት ላይም ያው ቋጠሮ ይሠራል። ቅበሩት ወይም አቃጥሉት። ፕራዚኳንቴል ያለበት የትል መድኃኒት በየ3 ወሩ፣ በውሻው ክብደት ተለክቶ ይሰጥ።

ገመድ መያዝ ካቃታቸው ድመት ይሻላል፣ ጭናቸው ላይ ትተኛለች። እሷ ግን ጿሚ አይደለችም። 55ቱን የሁዳዴ ቀናት በሽሮና በእንጀራ ብቻ ካደረች ታውሪን የሚባለውን ንጥረ ነገር ታጣለች፤ እጦቱ ሲረዝም ዓይኗም ልቧም ይጎዳል። ባሕር ዳር በዚህ ዕድለኛ ነው፦ ሐይቁ ዳር ዓሣ ከሚበልቱት ልጆች የቆሮሶ ራስና ትርፍራፊ ይገኛል። ቀቅሉት፣ አጥንቱን ልቀሙት፣ በቀን 2 ጊዜ ትንሽ ትንሽ ስጧት። ከአባትሽ ኪኒን ግን አርቋት፣ አንድ ፍሬ ፓራሲታሞል ድመት ሊገድል ይችላል። የውሻ ቁንጫ መድኃኒትም ፐርሜትሪን ያለው ከሆነ ለእሷ መርዝ ነው።

እንስሳው ቤት ከመግባቱ በፊት አባትሽ ሆስፒታል ቢገቡ ማን እንደሚያበላው ተነጋገሩ። የጎረቤት ልጅም ቢሆን ስሙን፣ ሳህኑንና የክትባት ካርዱ ያለበትን መሳቢያ ከአሁኑ ይወቅ።