ክብደቷ ከፍ ስላለ ጨረሩ ይበዛባታል?

«ዶክተር፣ የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። እናቴ 63 ዓመቷ ነው፤ 118 ኪሎ ትመዝናለች። ደረጃ ስትወጣ ደረቷን ያቃጥላታል፣ አረፍ ስትል ይተዋታል። እሷ ጨጓራ ነው ብላ ኦሜፕራዞል ትውጣለች፣ ፌጦ ትጠጣለች። ሐኪሟ የኑክሌር ስትረስ ቴስት (ልብ አርፎም ሲሠራም ደም እንዴት እንደሚደርሰው በራዲዮአክቲቭ መድኃኒት የሚያይ ምርመራ) አዘዘላት። ለከባድ ሰው የሚሰጠው ራዲዮአክቲቭ መድኃኒት ይበዛል ሲሉ ሰምተን ቀጠሮውን ሁለት ጊዜ አራዘምነው። መጀመሪያ ክብደት ብትቀንስ አይሻልም?»

እህቴ፣ የጠየቁኝ ስለ መጠኑ ነው። እንቅልፍ የነሳዎት ግን «እናቴን ላሳክም ብዬ ካንሰር ላመጣባት ነው ወይ?» የሚለው ይመስለኛል። ይረጋጉ፤ ያን ያህል የሚያስፈራ አይደለም።

ለከባድ ሰው መጠኑ ከፍ ማለቱ እውነት ነው። በደም ሥር የሚሰጠው፣ ቴክኒሺየም የሚባል ጨረር የሚያወጣ ንጥረ ነገር ያለበት መድኃኒት ከደም ጋር ሄዶ የልብ ጡንቻ ውስጥ ይገባል። ከዚያ የሚወጣውን ጨረር ካሜራው ከውጭ ይለቅመዋል። ደረት ላይ ያለው ሥጋና ስብ ግን ከፊሉን መንገድ ላይ ያስቀረዋል። ለቀጭን ሰው የሚበቃው መጠን ለእናትዎ ቢሰጥ ምስሉ ይደበዝዛል። የጡት ጥላ እንኳ ደም ያልደረሰው የልብ ክፍል መስሎ ሊታይ ይችላል። ያኔ ምርመራው ይደገማል፤ ሌላ መርፌ፣ ሌላ ጨረር። በአንድ ቀን ሲሠራ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ልብ አርፎ ሳለ ከ8 እስከ 12 ሚሊኪዩሪ (የራዲዮአክቲቭ መድኃኒት መጠን መለኪያ ነው)፣ ቀጥሎ ልብ ሲሠራ የዚያ 3 እጥፍ ገደማ ይሰጣል። ለከባድ ሰው ሁለት ቀን ይከፍሉታል፣ ወይም ካሜራው ሥር የሚቆዩበትን ደቂቃ ያረዝማሉ። ሁለት ቀን ኑ ቢሏችሁ አትደንግጡ።

ሰውነታቸው የሚቀበለው ጨረር በአብዛኛው 10 ሚሊሲቨርት (የዚህ መለኪያ ነው) አካባቢ ነው። አሜሪካ የሚኖር ሰው ከአፈር፣ ከአየርና ከሰማይ ብቻ በዓመት 3 ያህል ያገኛል። ቴክኒሺየም ደግሞ በየ6 ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፣ በሽንትም ይወጣል። ውኃ ይጠጡ። በእሳቸው ዕድሜ የሚጨምረው የካንሰር ስጋት በጣም ትንሽ ነው።

አሁን ግን ልቆጣ ነው። ደረጃ ሲወጡ የሚነሳ፣ ሲያርፉ የሚተው ማቃጠል እንዴት ጨጓራ ይባላል? ጨጓራ የደረጃ ብዛት አይቆጥርም። እኛ ዘንድ ከአንገት እስከ እምብርት የሚያቃጥል ሁሉ ጨጓራ ነው። መጀመሪያ ፌጦ፣ ቀጥሎ ከጎረቤት የተገኘ ኦሜፕራዞል፣ ቀጥሎ ወተት። በዚህ መሀል ወራት ያልፋሉ። ልብ ሁልጊዜ «ወጋኝ» አያሰኝም፤ በተለይ ሴቶችና ስኳር ያለባቸው ሰዎች ማቃጠል፣ ትንፋሽ ማጠር ወይም ማቅለሽለሽ ብቻ ሊሰማቸው ይችላል። ፌጦው የተዘጋ ደም ሥር አይከፍትም! ማቃጠሉ በትንሽ እርምጃ መነሳት ከጀመረ ወይም ከተደጋገመ በዚያው ቀን ለሐኪማቸው ይደውሉ። ተቀምጠው እያሉ ከመጣና ደቂቃዎች ከቆየ፣ ቀዝቃዛ ላብ ካላባቸው፣ ወደ መንጋጋ ወይም ወደ ክንድ ከሄደ 911 ይደውሉ። በራስዎ መኪና አይውሰዷቸው። የምርመራውን ቀን አይጠብቁ።

ክብደት መቀነሱ ጥሩ ነው፣ ግን ወራት ይፈልጋል። ምርመራው ያን ያህል አይጠብቅም። ደግሞ ክብደታቸውን ሲጠይቋቸው አሳንሰው እንዳይናገሩ፤ መጠኑ የሚወሰነው በእሱ ነው።

አንድ ነገር ይከብዳቸዋል፦ ቡና። ብዙ ቦታ ከ24 ሰዓት በፊት እንዲቆም ያዛሉ። ልብን ለመፈተን የልብ ደም ሥር የሚያሰፋ መድኃኒት ከተሰጣቸው ካፌይን ሥራውን ያከሽፋል። አቦል ብቻም አይሆንም፤ ሻይ፣ ኮካና ቸኮሌትም እንደዚያው። የሚወስዱትን ኪኒን ግን ሐኪማቸውን ሳይጠይቁ አያስቁሟቸው።

ነገ ጠዋት ደውለው በቅርብ ያለውን ቀን ይያዙ። ምርመራው ሲያልቅ ጀበናውን ይጣዱላቸው።