የነፋስ ተርባይን «ምላጭ» አለውን?

አንድ ተርጓሚ እንዲህ ሲሉ ጠይቀውኛል፦ «ከተፈጥሮ በተቀዳ ሐሳብ የነፋስ ተርባይንን ንድፍ ስለ ማሻሻል የሚያወሳ ጽሑፍ እየተረጐምሁ ነው። ነፋስ የሚያዞረውን ረጅም አካል ምላጭ ልበለው፣ ስለት ወይስ ክንፍ? ንድፉ የተቀዳበትን የዓሣ ነባሪ አካልስ ምን ልበል? በጠርዙ ላይ ለተደረደሩት እብጠቶችና በጉጉት ላባ ጠርዝ ላይ ላሉት ክሮችስ ስም አለን?»

ለተርባይኑም ለዓሣ ነባሪውም ክንፍ ይበሉ። ምክንያቱን ግን ዘርዘር አድርጌ እገልጻለሁ፤ ዕቃው የሚሠራው ሥራ ተረስቶ የባዕዱ ቃል የመዝገበ ቃላት ፍች ብቻ የሚገለበጥበት ልማድ ከሰነበቱ ቅሬታዎቼ አንዱ ነውና። እንግሊዝኛው «ብሌድ» ለሰይፍም፣ ለጢም መላጫም፣ ለሣር ቅጠልም ይውላል። የእኛ ምላጭ ግን «ላጨ» ካለው ግሥ የወጣ የመሣሪያ ስም ነው፤ ግእዙ «ላጸየ» ነበር፣ ጸ በአማርኛ ወደ ጨ ተለወጠ። ስለትም «ሳለ» ከሚለው የመጣ የተሳለ አፍ ነው (ይህን ቃል ለቤተ ክርስቲያን ከሚገባው ስእለት ጋር አንድ አድርጎ መጻፍ ራሱን የቻለ ሕመም ነው)። የተርባይኑ አካል ግን ነፋሱን የሚገጥምበት የፊት ጠርዙ ወፍራምና ክብ ሲሆን የሚሳሳው የኋላ ጠርዙ ነው፤ ምንም አይቆርጥም። በትግራይ ባለው የአሸጎዳ የነፋስ ኀይል ማመንጫ ባለ ሁለት ክንፍም ባለ ሦስት ክንፍም ተርባይኖች ቆመዋል፤ የመጀመሪያዎቹን «ባለ ሁለት ምላጭ» ቢሏቸው የጢም መላጫ ማስታወቂያ ይሆናል።

ክንፍ የሚበር ነገር አካል ስለ ሆነና ተርባይን ስለማይበር «መቅዘፊያ» እንበል የሚሉ አሉ። ክርክሩ በመጀመሪያ እይታ ያሳምናል፤ ሆኖም ቀዛፊ ውኃውን ይገፋል እንጂ በውኃው አይገፋም፣ በተርባይኑ ዘንድ ግን ሥራውን የሚሠራው ነፋሱ ነው። ከዚህም በላይ ተርባይኑን የሚያዞረው ኀይል አየሩ በክንፉ ሁለት ገጾች ላይ በተለያየ ፍጥነት ሲያልፍ የሚፈጠረው የግፊት ልዩነት ሲሆን፣ አውሮፕላንንም ከመሬት የሚያነሣው ይኸው ነው። ቃሉ ራሱም ከመብረር ጋር ብቻ የተቈራኘ አይደለም። ዘሌዋውያን 11፥9 «ክንፍና ቅርፊት» ያላቸውን የውኃ ፍጥረታት ብሉ ሲል ዓሣን ማለቱ ነው። የዕብራይስጡ ካናፍ ከወፍ ክንፍ አልፎ የልብስ ጫፍ ይባልበታል፤ በዐረብኛም ከነፍ ጎን፣ ጥላና ከለላ ነው። የእኛው «ከነፈ» ደግሞ ፈጥኖ መሄድን ያሳያል፤ የትልቅ ተርባይን ክንፍ ጫፍ በሰኮንድ ወደ 80 ሜትር እንደሚጓዝ ለሚያውቅ ሰው ከዚህ የተሻለ ግሥ አይገኝለትም።

ወደ ባሕሩ ስንወርድ፣ «ዓሣ ነባሪ» ማለትዎን አልወደድሁትም። ግእዙ ዐንበሪ ነው፤ የቀድሞው አማርኛ መጽሐፍ ቅዱስም በማቴዎስ 12፥40 ዮናስን በ«ዓሣ አንበሪ» ሆድ አኖረው። ሥሩ ዐረብኛው ዐንበር ሲሆን፣ ከዚሁ እንስሳ የሚገኘው መዓዛማ ነገርም በዚህ ስም ይጠራል፤ ቃሉ ወደ አውሮፓ ተሻግሮ «አምበር» ሆኗል። «ነባሪ» የመጣው ዐንበሪ ትርጒሙ ሲጠፋ ጆሮ «ነበረ»ን ስለ ሰማ ነው። ዛሬ ግን ትምህርት ቤቱም ዜናውም ነባሪ ስለሚል፣ አንባቢዎ እንዲረዳዎ ከፈለጉ ነባሪ ብለው መጻፍዎን አልከለክልም።

ንድፉ የተቀዳበት፣ ጀርባው ጐበጥ የሚለው የዓሣ ነባሪ ዐይነት፣ የክንፉ ርዝመት የአካሉን ሲሶ ያህላል፤ የፊት ጠርዙም በእብጠቶች የተሞላ ነው። ሥነ ሕይወት አጥኚው ፍራንክ ፊሽ (የቤተሰብ ስማቸው በእንግሊዝኛ ዓሣ ማለት መሆኑን ሳልጠቅስ ማለፍ አልቻልሁም) ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጡት ጥናት፣ እብጠት ያለውንና የሌለውን የክንፍ ሞዴል በነፋስ መሞከሪያ ዋሻ ውስጥ አነጻጸሩ። ክንፍ ሽቅብ እየተቃና ሲሄድ አየሩ ከጀርባው ተላቅቆ የማንሻው ኀይል በድንገት የሚከዳበት ማዕዘን አለ፤ እብጠቶቹ ይህን ማዕዘን በ40 በመቶ ገደማ አዘገዩት። አየሩ በእብጠቶቹ መካከል እየተሽከረከረ ስለሚያልፍ ከክንፉ ገጽ ቶሎ አይላቀቅም። ነፋሱ ፍጥነቱንና አቅጣጫውን ለሚለዋውጥበት ተርባይን ሐሳቡ ለምን እንደሚያጓጓ ከዚህ ይገባዎታል። ለእብጠቶቹ እኔ «ጉጥ» እላለሁ፤ በእንጨት ላይ ጎልቶ የሚወጣው ጉጥ ጠንካራና ከአካሉ ጋር አንድ ነው። «ጉብታ» ይበልጥ የተለመደና ለቅርጹም የቀረበ መሆኑን አልክድም፤ ለእኔ ግን ጉብታ መሬት ነው፣ ጉጥን አልለቅም። «ኪንታሮት» የሚለውን ትርጒም ግን አደራ፣ እንዳይሞክሩት።

የጉጉት ላባ የኋላ ጠርዝ ለስላሳ ክሮች አሉት፤ ከበረራዋ ዝምታ ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው። የተርባይን ሠሪዎችም ድምፅ ለመቀነስ በክንፉ የኋላ ጠርዝ ላይ እንደ መጋዝ ጥርስ የተቈረጠ ቅጥያ ይገጥማሉ። ለክሮቹ የጥንቱ ስም «ዘርፍ» ነው፤ በልብስ ጠርዝ ላይ የሚንጠለጠለው። ነገር ግን «የተርባይኑ ዘርፍ» ቢሉ አንባቢው የኢነርጂውን ዘርፍ፣ ስብሰባውንና ዕቅዱን ያስባልና፣ ቅር እያለኝም ቢሆን ለጉጉቷ «ክራም ጠርዝ»፣ ለተርባይኑ «ጥርሳም ጠርዝ» ብለው ይጻፉ።