የሰባት ትውልድ እጅና የደላንታ ድንጋይ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? አባቴ ከወሎ፣ ከደላንታ ቆፋሪዎች ኦፓል የሚባለውን የጌጥ ድንጋይ እየገዛ ደሴ ለሚመጡ ነጋዴዎች ይሸጣል። ከደንበኞቹ አንዱ ከጃይፑር የመጣ ሕንዳዊ ነው። በቅርቡ ቤታችን ቡና ሲጠጣ በስልኩ የቅድመ አያቱን ሱቅ ፎቶግራፍ አሳየንና “ድንጋይ የመቁረጥ ሙያ በእኛ ቤት ሰባት ትውልድ ሆኖታል” አለን። እኔ ባጠራቀምኩት ገንዘብ የድንጋይ መቁረጫ ማሽን ልገዛ አስቤ ነበር። አባቴ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ “ይህ ከዘር የሚወረስ ነው፤ እኛ ጥሬውን ሸጠን ብናድር ይሻለናል” ይላል። እውነት ሰባት ትውልድ የሌለው ሰው አይችለውም?
(ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ልጄ፣ የሕንዳዊውን ቃል አልጠራጠርም። ማሃራጃ ጃይ ሲንግ 2ኛ እ.ኤ.አ. በ1727 ጃይፑርን ሲቆረቁሩ ነጋዴዎችንና ጌጥ ሠሪዎችን ከየቦታው ጠርተው አስፍረዋል። እስከ ዛሬ ከከተማዋ ዋና ጎዳናዎች አንዱ ጆሃሪ ባዛር ይባላል፤ የጌጥ ነጋዴዎች ገበያ ማለት ነው። እዚያ አንዱ ጥሬውን ይለያል፣ ሌላው ይቆርጣል፣ ሌላው ያለሰልሳል፣ ሌላው በወርቅ ላይ ያስቀምጣል። አያቶቻቸው ድንጋይ የሚመዝኑት ራቲ በምትባል፣ ጫፏ ላይ ጥቁር ነጥብ ባላት ቀይ ፍሬ ነበር። በእንዲህ ያለ ቤት ያደገ ልጅ ፊደል ሳይቆጥር ድንጋይ ይለያል። ይህን ላከብርለት ይገባኛል፤ አከብርለታለሁም።

አባትሽን ያስጨነቀው ግን ሌላ ነገር ይመስለኛል። ሕንዳዊው የቅድመ አያቱን ፎቶግራፍ አውጥቶ አሳየ። እኛስ? አባቴ እዚሁ ደሴ አርባ ዓመት ወርቅና ብር ሠርቷል፤ አያቴም እንዲሁ። ነገር ግን በልጅነቴ አስተማሪ “የአባትህ ሥራ ምንድን ነው?” ሲለኝ “ነጋዴ” ብዬ መለስኩ። አንጥረኛ ማለት በዚያን ጊዜ ስድብ ነበር፤ ቡዳ ያሰኛል። ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው የሚሰድብን ሰው በአዋጅ ከልክለው ነበር፤ ስድቡ ግን እኔ ዘንድ ደርሷል። ያልኩትን አባቴ ሰማ። ምንም አልተናገረኝም፤ ወናፉን መንፋቱን ቀጠለ። ያ ዝምታው እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። የሙያ ዘር ሳይኖረን ቀርቶ አይደለም ልጄ፤ እንድንደብቀው ተደርገን አድገን ነው። ይህን ለአባትሽ ንገሪው።

ሁለተኛው ነገር ስለ ድንጋዩ ነው። የደላንታዋ ከተማ የወገል ጤና ኦፓል በዓለም ገበያ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ሰባት ትውልድ ለቆጠረውም ቤት ቢሆን አዲስ እንግዳ ነው። በዚያው ሰሞን አንድ ደላንቴ በነጠላው ጫፍ የቋጠረውን ይዞ ሱቄ መጣ። ከፈታው ውስጥ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል፣ አረንጓዴና ብርቱካንማ እሳት የሚጫወትባት አንዲት ድንጋይ ነበረች። አፈሯን ላጥብ ብዬ ውሃ ውስጥ ጣልኳት። ቆየት ብዬ ሳወጣት እሳቱ የለም፤ እንደ ብርጭቆ ጠርታ ጣቴ በውስጧ ይታያል። ሰውየው ፊቱ ዐመድ መሰለ፤ እኔም ምን እንደምለው ጠፋኝ። ጨርቅ ላይ አስቀምጠናት በአራተኛው ቀን ቀለሟ ተመለሰ። የእኛ ኦፓል ውሃ ይጠጣል፤ ሲደርቅ ደግሞ ይመለሳል።

የጃይፑር ሰዎች ኤመራልድ የሚባለውን አረንጓዴ ድንጋይ ዘይት ማጠጣት ያውቁበታል፤ ስንጥቁን ይሸፍንላቸዋል። የወሎን ኦፓል ዘይት ብታጠጪው ግን ቀለሙ ሊደበዝዝ፣ ሊበላሽም ይችላል። ስለዚህ እነሱም አያቶቻቸው ያላስተማሯቸውን ለዚህ ድንጋይ ሲሉ መማር ነበረባቸው። አንቺም ከዚያው ነው የምትጀምሪው። የእጃቸው ልምድ ግን ከአንቺ በብዙ ይቀድማል፤ በዚህ አላታልልሽም።

ማሽኑን ከመግዛትሽ በፊት ማሽን ያለው ሰው ዘንድ ሁለት ሦስት ወር ተለማመጂ። አባትሽ ለገዢ የማይሰጠው ፍርፋሪ ይበቃሻል። ድንጋዩን በሰም ከእንጨት ጫፍ ጋር አጣብቀሽ ያዢው፤ ሰሙን ስታሞቂ ግን ተጠንቀቂ፣ ኦፓል ድንገተኛ ሙቀት ይሰነጥቀዋል። ጀርባውን ዝርግ፣ ፊቱን እንደ ጉልላት ጎበጥ አድርገሽ አውጪው። ውሃ ሳታፈሺ አትፈጪ፤ የደረቀው አቧራ ሳንባ ይጎዳል፤ አፍና አፍንጫሽንም ሸፍኚ። እየፈጨሽ ውሃ ስለሚጠጣ ቀለሙ ይጠፋብሻል፤ አትደንግጪ። ደርቆ እስኪመለስ ድረስ ግን ዋጋ አትቁረጪለት። ጥሬው ከግማሽ በላይ ክብደቱን በመቁረጫው ላይ ሊያጣ እንደሚችልም አባትሽ አስቀድሞ ይወቅ፤ አለበለዚያ በመጀመሪያው ሳምንት ትጣላላችሁ።

ለአባትሽም አንድ ልመና አለኝ። ከየግዢው ጥቂት ጥሬ ለአንቺ ያስቀርልሽ፤ ከየትኛው ጉድጓድ እንደመጣ፣ ሲቆረጥ ምን እንደሆነ በደብተር ጻፊው። ሕንዳዊው ሲመጣም አትሸሺው፤ ቡናውን አቅርበሽ አጠገቡ ተቀመጪና ድንጋይ ሲለይ እጁን ተመልከቺ፣ ጠይቂውም።

የአባቴ ሚዛን አሁንም ጠረጴዛዬ ላይ አለ። ደሴ ስትመጪ ፒያሳ ብቅ በይ፤ የመጀመሪያውን የሰበርሽውን ድንጋይ ይዘሽልኝ ነይና የት ላይ እንደሳትሽው አብረን እናያለን።