ደጋ አጋዘን ፍለጋ ከጓደኛ ጋር፦ አዳኝ ወይስ ተከታይ?

ጥያቄ፦

የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ በአሜሪካ ዴንቨር ከተማ መኖር ከጀመርሁ 19 ዓመት ሆኖኛል። አብሮኝ የሚሠራ አሜሪካዊ ጓደኛ አለኝ፤ በክፉ ቀኔ ከጎኔ ያልተለየ፣ ቤተሰቤም የሚወደው ሰው ነው። በየዓመቱ በኮሎራዶ ተራሮች ኤልክ የሚባለውን ትልቅ የአሜሪካ አጋዘን ያድናል፤ ለብዙ ዓመታት ገንዘብ ሲያጠራቅም የኖረው ግን ወደ አገራችን ሄዶ ደጋ አጋዘን ለማደን ነው። አሁን ቀኑ ደርሶ አብሬው እንድሄድና እንዳስተረጉምለት ለምኖኛል፤ የአውሮፕላን ትኬቴን እንደሚችልልኝ፣ ከፈለግሁም እኔ ራሴ አንድ ከርከሮ ወይም ድኩላ እንድተኩስ ነግሮኛል። እኔ ጠብመንጃ የነካሁት በልጅነቴ አንድ ቀን፣ አያቴ ግድግዳ ላይ የሰቀሉትን ምንሽር ሰርቄ አውርጄ ስገረፍ ብቻ ነው። የአደን ድርጅቶቹን ዋጋ ስንሰማ ሁለታችንም ስለደነገጥን፣ ዶዶላ አካባቢ ሲያስተምር ኖሮ እዚያው ጡረታ በወጣው አጎቴ በኩል፣ የአካባቢውን ሰው ይዘን ብናድንስ ብለን አስበናል። እናቴ ደግሞ "ለማትበላው ደም እንዳታፈስ" ብላ ተቆጥታኛለች። ሕጉ ምን ይላል? ተከታይ ብቻ የሆነ ሰው ፈቃድ ያስፈልገዋል? ሥጋውስ ይበላል? እንስሳው ሲወድቅ ማየት ቢያቅተኝስ ጓደኛዬን ሳላስቀይም ምን ላድርግ?

ግራ የገባኝ፣ ከዴንቨር

መልስ፦

ከአጎትዎ እንነሣ፤ ምክንያቱም በደብዳቤዎ ውስጥ ወደ ወህኒ ቤት ሊወስድዎ የሚችለው ሐሳብ እሱ ብቻ ነው። ሐሳቡን ዛሬውኑ ይተዉት፤ አጎትዎም እንዳይሰሙት ይሁን። በኢትዮጵያ የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ ማደን ወንጀል ነው፤ አዋጅ ቁጥር 541/1999 ሲወጣም ድርጊቱ በእስራት ጭምር እንደሚያስቀጣ ደንግጓል። ለውጭ አገር አዳኝ ፈቃዱ የሚወጣው በኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን በኩል ሲሆን፣ አዳኙም የሚሠማራው ፈቃድ ካለው ሙያተኛ አዳኝ፣ በተለምዶ ፕሮፌሽናል ሃንተር ከሚባለው ሰው ጋር፣ ለአደን በተከለለ ቀበሌ ውስጥ ብቻ ነው። ሙኔሳ ኩኬ፣ ኦዶ ቡሉ፣ ሀንቶ፣ ሸደም በርበሬ፣ አባሸባ ደመሮ የሚባሉት በአርሲና በባሌ በኩል ያሉ የአደን ቀበሌዎች ናቸው። ለእያንዳንዱ ቀበሌ በዓመት ስንት ወንድ ደጋ አጋዘን እንደሚታደን የሚወሰነው በኮታ ስለሆነ፣ አጎትዎ የአገሩን ጋራና ሸንተረር እንደ እጃቸው መዳፍ ቢያውቁትም ይህ ዕውቀት የፈቃድ ምትክ አይሆንም። በአካባቢው ሰው እየተመራ የሚተኩስ የውጭ አገር ሰው በሕግ ፊት ሕገወጥ አዳኝ ነው፤ እርስዎና አጎትዎ ደግሞ ተባባሪዎች ትሆናላችሁ። የእርስዎ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያም በዚህ ጉዳይ የሚያስገኘው መብት የለም።

ዋጋው ያስደነገጣችሁ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ነገሩ በአስር ሺዎች በሚቆጠር ዶላር የሚነገር ነው። ከዚህ ውስጥ አንዱ ክፍል ለመንግሥት የሚከፈለው የእንስሳው ክፍያ ሲሆን፣ የተረፈው ለሁለት ወይም ለሦስት ሳምንት ለሚቆየው የአዳኞች ማረፊያ ሰፈር፣ ለፈረሱ፣ ለመንገድ መሪው፣ ለመኪናውና ለሙያተኛው ነው። እዚህ ላይ ጓደኛዎ ሊያውቀው የሚገባ፣ ኮሎራዶ ላይ ግን ያልለመደው ሊሆን የሚችል ልማድ አለ፦ ያቆሰለ እንደ ገደለ ይቆጠራል። ደም የታየበት እንስሳ ጫካ ገብቶ ቢጠፋ አዳኙ ሙሉውን ክፍያ ከፍሎ ባዶ እጁን ይመለሳል። ስለዚህ ውሉን ከመፈረሙ በፊት ይህን አንቀጽ እርስዎም አብረውት ያንብቡት።

ተከታይን በሚመለከት፣ ጠብመንጃ የማይነካ ሰው የአደን ፈቃድ አያስፈልገውም። ነገር ግን ስምዎና የፓስፖርት ቁጥርዎ ድርጅቱ ለባለሥልጣኑ በሚያቀርበው ዝርዝር ውስጥ በተከታይነት እንዲገባ፣ ለአንድ ቀን የሚከፈለው የተከታይ ሂሳብም በጽሑፍ እንዲቀመጥ ያስደርጉ፤ ብዙ ድርጅቶች ለተከታይም የቀን ክፍያ ይጠይቃሉ፤ ትኬትዎን የሚችለው ጓደኛዎ ይህን ላያስበው ይችላል። "አንድ ነገር ተኩስ" የሚለው ግብዣ ግን ሌላ ነገር ነው። እርስዎ አንዲት ጥይት ሊተኩሱ ከፈለጉ ራስዎን የቻሉ አዳኝ ይሆናሉ፤ የራስዎ ፈቃድና የራስዎ ክፍያ ያስፈልጋል፤ በጓደኛዎ ፈቃድ ላይ ተደርቦ መተኮስ የለም። በሕይወቱ አንድ ጊዜ ምንሽር ነክቶ የተገረፈ ሰው ደግሞ የመጀመሪያ ጥይቱን ነፍስ ባለው ፍጥረት ላይ እንዲሞክር አልመክርም። ከርከሮ በአንድ ጥይት ካልወደቀ የሚያደርሰውን አደጋ መንገድ መሪዎቹ ይነግሩዎታል።

በአስተርጓሚነት መሄድዎን በተመለከተ አንድ ነገር ልንገርዎ፤ አይቀየሙኝ። ሙያተኛው አዳኝ ከጓደኛዎ ጋር በእንግሊዝኛ ይግባባል፤ መንገድ መሪዎቹና ፈረስ ሳቢዎቹ እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩት ደግሞ በአፋን ኦሮሞ ነው። ከአጎትዎ ቤት እየተመላለሱ ቋንቋውን ለምደው ከሆነ እሰየው፤ ካልሆነ ግን አማርኛዎ የሚጠቅመው ቦሌ ጉምሩክና አዲስ አበባ ቢሮዎች ውስጥ እንጂ ሸንተረሩ ላይ አይደለም።

ስለ ቦሌ ካነሣን፣ የጠብመንጃውን ጉዳይ ለጓደኛዎና ለድርጅቱ ይተዉት፤ በምንም ምክንያት በእርስዎ ስም እንዳይመዘገብ። ከአሜሪካ ሲወጣ የአገሩ ጉምሩክ ቅጽ 4457 በሚባለው ወረቀት ላይ የጠብመንጃውን ዓይነትና ተከታታይ ቁጥር ያሰፍርለታል፤ ሲመለስ ጠብመንጃው የራሱ እንደነበር የሚያስረዳው ይኸው ወረቀት ነው። የኢትዮጵያው ጊዜያዊ የማስገቢያ ፈቃድ በድርጅቱ በኩል አስቀድሞ መውጣት ያለበት ሲሆን፣ በፈቃዱ ላይ ያለው ቁጥርና በብረቱ ላይ የተቀረጸው አንድ ፊደል እንኳ ቢለያዩ መሣሪያው ቦሌ ይቀራል። ጠብመንጃው ጥይቱ ወጥቶ፣ በተቆለፈ ጠንካራ ሣጥን፣ በሚጫን ሻንጣነት ይሄዳል፤ አየር መንገዶች ጥይትን አብዛኛውን ጊዜ በ5 ኪሎ ይገድባሉ። በሦስተኛ አገር በኩል ከተጓዛችሁ ያ አገር የራሱን ፈቃድ ሊጠይቅ ስለሚችል ቀጥታ በረራ ይምረጡ። ሰው የማያስበው ነገር ደግሞ ባይኖኩላር ነው፤ ከውጭ የመጡ ብዙ መንገደኞች የሩቅ ማያ መነጽራቸው በአውሮፕላን ማረፊያው ተይዞባቸዋል። የደጋ አጋዘን አደን ደግሞ ከጥይት ይልቅ በመነጽር የሚሠራ ስለሆነ፣ የእርስዎም የጓደኛዎም መነጽር በድርጅቱ የፈቃድ ደብዳቤ ላይ ይጻፍ።

ለምን በመነጽር እንደሚሠራ ከእንስሳው ጠባይ ይረዱታል። ደጋ አጋዘን ከስምጥ ሸለቆ በስተ ምሥራቅ ባሉት ደጋዎች ብቻ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ3000 ሜትር በላይ፣ በአስታና በኮሶ ጥላ ውስጥ የሚኖር፣ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ እንስሳ ነው። ወንዱ እስከ 300 ኪሎ ሊመዝን ይችላል፤ ያም ሆኖ ቀን ሲሞቅ ቁጥቋጦ ውስጥ ከገባ አሥር እርምጃ ቀርበውት እንኳ ላያዩት ይችላሉ። ስለዚህ አዳኞች ገና ሳይነጋ በፈረስ ወጥተው ሸንተረር ላይ ይቀመጣሉ፤ ማዶውን ተረተር በመነጽር እየዳሰሱ በውርጭ ሲንቀጠቀጡ ያረፍዳሉ፤ ተኩስ የሌለባቸው ቀናት ተኩስ ካለባቸው እጅግ ይበዛሉ። ወፍራም ካፖርትና ሁለት ጥንድ ጓንት ይያዙ፤ የአፍሪካ አደን ሲባል በረሃ የሚመስለው ጓደኛዎ ቁምጣ ሸክፎ ሊሆን ይችላል።

የሳይንሱ ዓለም ይህን እንስሳ ያወቀው እ.ኤ.አ. በ1908 አይቮር ባክስተን የሚባል እንግሊዛዊ መኮንን ገድሎ ወደ ለንደን ከላከው በኋላ ነው፤ በ1910 ሪቻርድ ሊደከር ገለጻውን ጽፎ በአዳኙ ስም ጠራው። የባሌና የአርሲ ሰው ግን ከዚያ በፊት ለስንት ዘመን እንደሚያውቀው ማን ይቁጠረው። እናትዎ ቦርሳ ውስጥ አሮጌ የ10 ሳንቲም ካለ ቢያገላብጡት ያንኑ ቀንዳም ያገኙታል፤ ጓደኛዎ የቤት መግዣ የሚያህል ገንዘብ የሚከፍልበትን እንስሳ እኛ በሳንቲም ላይ ይዘነው ዞረናል።

የእናትዎን ቁጣ አልንቀውም። ነገር ግን ለክብር መግደልን ፈረንጅ አላመጣብንም። ዝሆን የገደለ ጆሮውን በወርቅ ሎቲ የሚያስጌጥበት፣ አንበሳ የጣለ ጎፈር ደፍቶ የሚፎክርበት ዘመን የአያቶቻችን ነበር፤ ጓደኛዎ ትሮፊ የሚለውንም እኛ ግዳይ የምንለው ከጥንት ጀምሮ ነው። የተለወጠው የእንስሳቱ ቁጥር ነው። ደጋ አጋዘን ዛሬ ለመጥፋት ከተቃረቡት እንስሳት መዝገብ ውስጥ ይገኛል፤ ወደዚያ የገፋው ግን በዋናነት ጥቂት ሽማግሌ ወንዶችን የሚጥለው ባለፈቃድ አዳኝ ሳይሆን ተራራውን እየወጣ የመጣው እርሻ፣ ከብት፣ የደን ጭፍጨፋና ያለ ፈቃድ የሚደረገው አደን ነው። የአደን ደጋፊዎች "ጫካው ገንዘብ ካላመጣ ገብስ ይዘራበታል" ይላሉ፤ የሚከፈለው ገንዘብም ከፍተኛው ድርሻ ለክልሉ የሚውል ነው። ክርክሩን የማምነው በአንድ ቅድመ ሁኔታ ነው፦ ገንዘቡ ጫካው ዳር ከሚኖረው ገበሬ ደጅ ሲደርስ። ይህን ከቢሮ ይልቅ ከአጎትዎ መጠየቅ ይሻላል፤ በዚያ አካባቢ የአደን ገንዘብ ያሠራው ትምህርት ቤት ወይም የውኃ ጉድጓድ ካለ በስሙ ጠርተው ይነግሩዎታል፤ ከሌለም ዝም ማለታቸው ራሱ መልስ ይሆናል።

"ለማትበላው" የሚለው የእናትዎ ቃል ወደ ሥጋው ይወስደናል። ደጋ አጋዘን የሚያመሰኳ፣ ሰኮናውም የተሰነጠቀ ስለሆነ በኦሪቱ ሥርዓት ከሚበሉት ወገን ነው፤ ዘዳግም ምዕራፍ 14 ዋላንና ሚዳቋን በስም እንደሚጠራ ያስታውሱ። ጥያቄው የወደቀው እንስሳ ነፍሱ ሳትወጣ ደርሶ ማን ያርደዋል የሚለው ነው። መንገድ መሪዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ሙስሊሞች ስለሚሆኑ ቢላዋውን የሚያነሡት "ቢስሚላህ" ብለው ነው፤ እርስዎ "በስመ አብ" ብለው ቢያርዱት ደግሞ ያ ሁሉ ሥጋ ለሰፈሩ ሰው እርም ይሆንበታል። የእኔ ምክር ቢላዋውን ለእነሱ እንዲተዉ ነው፤ ሥጋው የሚጠቅመው መንደሩን ነው፤ እርስዎ ሽሮዎን ይብሉ። ጉዞው ከኅዳር አጋማሽ እስከ ገና ባለው ጊዜ ከዋለ ጾምም ስለሆነ ሰበብ መፈለግ አያስፈልግዎትም። ከርከሮው ግን ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም አይሆንም፤ ለእናትዎ ቃል የሚታዘዙ ከሆነ እሱን መግደል ከሁሉ የባሰ ነው።

ቋንጣ አድርጌ ለዴንቨር ወዳጆቼ ልውሰድ ብለው እንዳያስቡም፤ የአደን ሥጋ ከኢትዮጵያ ወደ አሜሪካ አይገባም። ቀንዱና ቆዳው ታጥቦ፣ ደርቆ፣ የኢትዮጵያ የመውጫ ፈቃድና የእንስሳት ጤና ወረቀት ይዞ ከወራት በኋላ ይላካል፤ አሜሪካ ሲደርስም በቅጽ 3-177 ለዓሣና የዱር እንስሳት አገልግሎት ይገለጻል። ጓደኛዎ "እግረ መንገዴን ነብርም ልጨምር" ቢል ግን ሳይተስ በሚባለው፣ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት መሠረት የአሜሪካ የማስገቢያ ፈቃድ አስቀድሞ ያስፈልገዋልና ቶሎ ያስቁሙት።

ወደ መጨረሻው ጥያቄዎ ልምጣ። እንስሳው ሲወድቅ ማየት እችል ይሆን ብሎ መጠራጠር የሚያሳፍር አይደለም፤ የሚያስቀይመው በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ጓደኛዎ ትንፋሹን ውጦ ባነጣጠረበት ሰዓት ማልቀስ ወይም መሄድ ነው። ስለዚህ ነገሩን ሸንተረር ላይ ሳይሆን እዚያው ዴንቨር፣ ቡና ላይ ይንገሩት፦ "እስከ ሰፈሩ አብሬህ እመጣለሁ፤ ማታ እሳት ዳር አብሬህ እቀመጣለሁ፤ ወደ ተኩሱ ግን አልሄድም።" አዳኝ የሆነ ሰው ይህን ይረዳል፤ በአደን ሰፈር የሚቀሩ ወዳጆችና ሚስቶች የተለመዱ ናቸው። ፎቶግራፉንም አስቀድመው ይጨርሱት፤ በሞተው እንስሳ አጠገብ ቆመው በማኅበራዊ ሚዲያ መታየት ካልፈለጉ ይህን ሲነግሩት አያመንቱ፤ የዴንቨር ዘመዶችዎ ስለ ኮታና ስለ ፈቃድ ሳያነቡ ነውና የሚፈርዱት።

ተኩሱ ሲያበቃ ጓደኛዎን ይዘው ወደ ዲንሾ ይውጡ። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት እዚያ ነው፤ በዙሪያውና በጋይሳይ ሜዳ ሰው የለመዱ ደጋ አጋዘኖች ጠዋት ጠዋት በቅርብ ሲግጡ ያገኛሉ። አጎትዎንም ከዶዶላ ይዘዋቸው ይሂዱ፤ መንገዱ ሩቅ አይደለም።